ጮማ የሞላበት መንደር

ይህ ባለፈው ወር እዚህ ኤድመንተን፣ በማኅበረሰባችን አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። «ጽፈሽ ስጪን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ወሬውንም ቀልዱንም ሳልቆርጥ አውጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው። አቦሉ እስኪደርስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ካናዳ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ምግብ አመላላሽ ነበርኩ። ትሪ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ነው። ብዙዎቻችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ። አንድ ሳምንት ከሰሜን በአውሮፕላን የመጡ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ገቡ። ኢኑዊት ናቸው፤ የሰሜኑ በረዶ አገር ነባር ሕዝብ። ትሪውን አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ስመለስ እንዳለ ነው። ድንቹ አልተነካ፣ ዶሮው አልተነካ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ፋይላቸው ላይ «የምግብ ፍላጎት የለም» ተብሎ ተጻፈ።

በአራተኛው ቀን ልጃቸው የበረዶ ሣጥን ተሸክማ መጣች። ምሳ ይዤ ስገባ ወለሉ ላይ ካርቶን ተዘርግቷል። ካርቶኑ ላይ እንደ ድንጋይ የደረቀ የበረዶ ዓሣ አለ። ሴትዮዋ ከአልጋ ወርደው መሬት ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቢላ ይዘዋል። ከዓሣው ስስ ስስ አድርገው እየላጩ፣ ጥሬውን፣ ከነበረዶው ይበላሉ። ከልጃቸው ጋር ይሳሳቃሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ያልወጣቸው ሴትዮ!

ብዙ አልቆየም። ነርሷ ገባች፣ ቢላውን አየች፣ ደነገጠች። ቢላው ተወሰደ። ዓሣው «እዚህ አይቀመጥም» ተባለ።

እኔ ትሪዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አባቴን አሰብኩ። በዓል ሲመጣ ከተሰቀለው ሥጋ ላይ በልኩ ቆርጦ፣ አዋዜ አስነክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲበላ። እሱን እዚያ አልጋ ላይ ቢያስተኙትና የተቀቀለ ድንች ቢያቀርቡለት፣ ፋይሉ ላይ ምን ይጻፍበት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ነገር የያዘኝ። ኋላ የሥነ ምግብ ትምህርት ስማር ዞሬ ዞሬ ወደነዚያ ሴትዮ እመለስ ነበር።

መጀመሪያ የቃላት ጣጣ እንፍታ። «ኤስኪሞ» የሚለውን ስም ተዉት፤ ሌላ ሰው ያወጣላቸው ነው፣ ብዙዎቹም አይወዱትም። ራሳቸውን ኢኑዊት ይላሉ። «ሰዎች» ማለት ነው። ሁለተኛው ጣጣ የእንስሳው ስም ነው። ዋናው ምግባቸው እንግሊዞቹ ሲል የሚሉት የባሕር እንስሳ ነው። እኔ «ሲል ይበላሉ» ብላችሁ እናንተ «ማን ምን ሲል?» ልትሉኝ ነው። ስለዚህ ከኦሪት አንድ ቃል ልዋስ። በዘጸአት መጽሐፍ ድንኳኑ የተሸፈነበት «የአቆስጣ ቁርበት» አለ። አቆስጣ የትኛው እንስሳ እንደሆነ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ የባሕር እንስሳ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ ማታ አቆስጣ ስል ይህንኑ ማለቴ ነው። ቀሳውስቱ ይፍቱኝ።

አገሩስ? ሴትዮዋ የመጡት በካናዳ ሰሜን ካለው ከኑናቩት ነው። ኑናቩት ራሱን የቻለ ግዛት የሆነው ኤፕሪል 1 ቀን 1999 ነው። ስፋቱ የኢትዮጵያን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ሕዝቡ ግን በ2021 ቆጠራ 37 ሺህ እንኳ አልሞላም። 25 መንደሮች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና አይኬድም። ወይ በአውሮፕላን ነው፣ ወይ በጋ በመርከብ፣ ወይ በበረዶ ሞተር። ማሳ የሚባል ነገር የለም። ሽሮ የለም፣ ጎመን የለም። ጿሚ ሰው እዚያ ቢወለድ መከራው ነው።

ያለው ሥጋና ዓሣ ነው። አቆስጣ አለ። ካሪቡ አለ፣ የአጋዘን ወገን የሆነ በመንጋ የሚጓዝ እንስሳ። ቻር የሚባለው ዓሣ አለ፣ ሴትዮዋ ሲበሉት ያየሁት እሱን ነው። ዋና ከተማው ኢቃሉዊት ራሱ «ዓሣ የሞላበት» ማለት ነው። ናርዋልና ቤሉጋ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣ ነባሪዎች አሉ፤ ቆዳቸው ከነስቡ ማክታክ ይባላል፣ ጥሬውን ይበላል። በረዶ የሆነ ጥሬ ሥጋና ዓሣ ኳቅ ነው። ሴቶቹ የሚይዙት ያ ግማሽ ጨረቃ ቢላ ኡሉ ነው። የካሪቡን ጨጓራ ውስጡ ካለው ጋር የሚበሉም አሉ፤ እንስሳው የበላውን ቅጠልና ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ማለት ነው። ፊታችሁን አታጨማዱ። ዱለት ውስጥ ምን እንዳለ እናውቃለን።

አሁን ወደ አንዲት መንደር ልውሰዳችሁ። በካርታ ላይ ጆአ ሄቨን ትባላለች። በቋንቋቸው ኡቅሱቅቱቅ ናት፣ «ስብ የሞላበት» እንደማለት። እኛ ብንሆን «ጮማ የሞላበት» እንላት ነበር። ያለችው ኪንግ ዊልያም በሚባል ደሴት ላይ ነው።

በ1845 ሰር ጆን ፍራንክሊን የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በዚያ በኩል ወደ እስያ የሚወስድ የባሕር መንገድ ሊፈልግ ተነሣ። ሁለት መርከብ፣ ራሱን ጨምሮ 129 ሰው። ለሦስት ዓመት ይበቃል የተባለ ስንቅ ጭነዋል። ጣሳ ሥጋው፣ ብስኩቱ፣ የሎሚ ጭማቂው፣ ኧረ የብር ማንኪያና ሹካው ሳይቀር። በ1846 በደሴቲቱ አጠገብ መርከቦቹን በረዶ ያዛቸው። ሁለት ክረምት ጠበቁ። በረዶው አልለቀቀም። በ1848 የተረፉት 105 ሰዎች በእግራቸው ወጡ። አንድም ሰው አገሩ አልገባም።

ምን ገደላቸው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው፣ በዚያው ደሴት የኔትሲሊክ ኢኑዊቶች ልጅ ወልደው እያሳደጉ እንደነበር ነው። ኔትሲሊክ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከአቆስጣ ነው። ለፍርድ እንዳላዳላ አንድ ነገር ልጨምር፦ መቶ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣበት ያ መሬት ሊያበላው አይችልም። ኢኑዊቶቹም የሚኖሩት በትንሽ በትንሹ ተበታትነው ነው።

ከዚያ የመጣውን ስሙ። በ1854 ጆን ሬይ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪምና ተጓዥ ከኢኑዊቶች የሰማውን ለለንደን አቀረበ። ሰዎቹ በረሃብ አልቀዋል፤ መጨረሻ ላይ የሞቱ ጓዶቻቸውን ሥጋ በልተዋል። ለንደን ተቆጣች። ቻርልስ ዲክንስን የሚያህል ደራሲ ብዕሩን አንሥቶ የኢኑዊቶቹ ምስክርነት አይታመንም ብሎ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አጥንቶቹ ሲመረመሩ የቢላ ምልክት ተገኘባቸው። የሰመጡት መርከቦች ደግሞ በ2014 እና በ2016 ተገኙ፤ ኢኑዊቶቹ ሲያወሩት በኖሩት አካባቢ።

በ1903 ሌላ ሰው መጣ። ሮአልድ አሙንድሰን የሚባል ኖርዌጂያዊ፣ ስድስት ባልደረቦችና አንዲት ትንሽ መርከብ ይዞ። እዚያው ጆአ ሄቨን ሁለት ክረምት ተቀመጠ። የመንደሯ የፈረንጅ ስም የመጣው ከመርከቡ ነው። ልብሱን ከኔትሲሊኮች ተማረ፣ በረዶ ላይ ጭነት የሚጎትቱትን ውሾች አነዳድ ተማረ፣ የእነሱን ሥጋ በላ። ወፍሮ ወጣ ቢባል ይቀላል። በ1911 ደቡብ ዋልታን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የረገጠው ይሄው ሰው ነው።

ለነገሩ ሐኪሞች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። አትክልት ሳይበላ ሰው እንዴት ይኖራል? ያለ ቪታሚን ሲ ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ሰው ይሞታል። መልሱ ማብሰሉ ላይ ነው። ቪታሚን ሲ ሙቀት አይወድም። ማክታክ ግን ጥሬውን ሲበላ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር የሚወዳደር ቪታሚን ሲ አለው። ጥሬ ጉበትም እንዲሁ። ቪልሃልሙር ስቴፋንሰን የሚባል ተጓዥ ይህን ሲናገር ስላላመኑት በ1928 ኒውዮርክ ሆስፒታል ገብቶ ከአንድ ጓደኛው ጋር አንድ ዓመት ሥጋ ብቻ በላ። ድዳቸው አልደማም። መጀመሪያ ላይ ብቻ ስቡ የወጣለት ቀይ ሥጋ ሲሰጡት በጥቂት ቀን ታመመ፤ ስቡ ሲመለስለት ዳነ። ጮማ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በዚያ አገር ሰውን የሚያኖረው ጮማው ነው።

አሁን እዚህ መሃል አንድ ሰው «ጥሬ ሥጋስ በሽታ የለውም ወይ?» ሊለኝ ነው። አለው። እኛ ከጥሬ ሥጋው ጎን ኮሶ ነበረን አይደል? አያቶቻችን ችግሩንም መድኃኒቱንም ያውቁ ነበር። እነሱም እንደዚያው ናቸው። የነጭ ድብ ጉበት አይበሉም፤ ቪታሚን ኤ ከመጠን በላይ ስላለው ይመርዛል። ይህን ያወቁት ቪታሚን የሚባለው ቃል ሳይፈጠር ነው። ዋልረስ የሚባለው ባለ ትልልቅ ጥርስ የባሕር እንስሳ ሥጋው ውስጥ ትል ሊኖር ይችላል። እዚሁ ካናዳ፣ በሰሜን ኩቤክ አዳኞቹ የገደሉትን ዋልረስ ምላስ ወደ ራሳቸው ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው አይበላም።

ታዲያ ዛሬ ምግባቸው ውስጥ የሚገኘው መርዝ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አላስካ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል መርዝ አለ፤ ሰውነትን ሽባ አድርጎ ትንፋሽ ያቆማል። የሚያመጣው አየር በሌለበት ቦታ የሚራባ ባክቴሪያ ነው። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ዓሣና የአቆስጣ ዘይት አብላልተው ይበላሉ። ድሮ ዓሣውን የሚያብላሉት ቀዝቃዛ መሬት ቆፍረው፣ ሣር ጎዝጉዘው ነበር። በኋላ የፕላስቲክ ባልዲና ክዳን ያለው ማሰሮ መጣ። ንጹሕ ይመስላል። ቤት ውስጥ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። አየር አይገባውም፣ ይሞቃል። ባክቴሪያው የሚፈልገውን ሁሉ አገኘ። ምግቡ ያው ነው፤ ዕቃው ነው የተለወጠው። እንሰት የሚያብላላ ሰው እዚህ ካለ ይገባዋል። ጉድጓዱን ትተህ ቆጮውን በፕላስቲክ ልዝጋው ብትል እናትህ ምን ትልሃለች?

ሁለተኛው መርዝ ይብሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኩቤክ ተመራማሪዎች የእናት ጡት ወተት ይመረምሩ ነበር። የሚፈልጉት ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ነው፤ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ውስጥ ይገባ የነበረ። ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ወተት አስፈለጋቸው። ከፋብሪካ የራቀ ማን አለ? የሰሜን ኩቤክ የኢኑዊት እናቶች! ወተቱ መጣ። ፒሲቢው በደቡብ ካሉት እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እንዴት? ኬሚካሉ በሞቃት አገር ይተናል፣ በነፋስ ይሄዳል፣ ብርድ ሲያገኝ ይወርዳል። ባሕር ይገባል። ትንሿን ነፍሳት ዓሣ ይበላታል፣ ዓሣውን አቆስጣ፣ አቆስጣውን ሰው። በእያንዳንዱ ደረጃ በስቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውን ያኖረው ጮማ መርዙንም ያዘ። አንድ ትራንስፎርመር ያልሠራ ሕዝብ!

ዜናው ሲሰማ እናቶቹ ተሸበሩ። ጡት ላጥባ ወይስ ልተው? ሐኪሞቹ አጥቡ አሉ፤ የጡት ወተት ጥቅሙ አሁንም ይበልጣልና። ኢኑዊቶቹ ግን በዚህ አልተቀመጡም። ዓለም እንዲህ ያሉ ኬሚካሎችን ስለማገድ ሲደራደር ሄደው ገቡበት። ሺላ ዋት-ክሉቲየር የምትባል የሰሜን ኩቤክ ኢኑዊት መሪ ከእኛው ጎረቤት ናይሮቢ ድረስ ሄዳ ከድንጋይ የተቀረጸ የእናትና ልጅ ምስል ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሰጠች። ምስሉ በድርድሩ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር። የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ተፈረመ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በእናቶቹ ደም ውስጥ ያለው ፒሲቢ በብዙ ቀንሷል። ሜርኩሪ የሚባለው ሌላው መርዝ ግን ገና አለ። ስለዚህ በሰሜን ኩቤክ ነፍሰ ጡሮች የቤሉጋ ሥጋ እንዲቀንሱ፣ በምትኩ ቻር ዓሣ እንዲበሉ ይመከራሉ። ምክሩን ልብ በሉ። «ወደ ሱቅ ሂዱ» አላሉም።

ሱቁ እንዴት ነው ካላችሁ፣ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ወይኑ ተጨማድዷል። ወተት እዚህ ከምንገዛው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ርካሹ ቺፕስና ለስላሳ ነው። በ2012 ሰዎች የሱቅ ዋጋ ፎቶ ይዘው ሰልፍ ወጡ። ከዚያ በፊት በ2007 እና 2008 የተደረገ የጤና ጥናት ከኑናቩት ሕፃናት 70 ከመቶ ያህሉ ምግብ በማይበቃበት ቤት እንደሚኖሩ አሳይቷል። ካናዳ ውስጥ!

«ታዲያ ለምን አያድኑም?» ማለት ቀላል ነው። አደን ቤንዚን ይፈልጋል። ጥይት ይፈልጋል። የበረዶ ሞተር የመኪና ዋጋ አለው። ድሮ ውሻ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሰው ወደ መንደር ሲሰበሰብ ፖሊስ ብዙ ውሾች ገደለ። የካናዳ መንግሥት በ2019 በኑናቩት ለባፊን ደሴት አካባቢ ኢኑዊቶች፣ በ2024 ለሰሜን ኩቤኮቹ ይቅርታ ጠይቋል። ውሻ ቤንዚን አይጠጣም፤ አዳኙ የገደለውን ይበላል።

ለቤንዚኑ ገንዘብ የሚመጣው ከአቆስጣ ቆዳ ነበር። ሥጋው ለቤት፣ ቆዳው ለገበያ። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የነጫጭ የአቆስጣ ግልገሎችን ቆዳ ከለከለ። ኢኑዊቶች የሚያድኑት በአብዛኛው ሌላ ዓይነቱን፣ ያደገውን ነው። ገበያው ግን ለይቶ አልገባውም፤ የሁሉም ዋጋ ወደቀ። በ2009 የአውሮፓ ኅብረት እገዳውን ሲያሰፋ «ለኢኑዊት ይፈቀዳል» የሚል አንቀጽ ጨመረ። ገዢ ከጠፋ በኋላ ፈቃድ ምን ያደርጋል? እኔ እንስሳ ሲሰቃይ ማየት አልወድም። ግን የአቆስጣ አደን ይቁም ብሎ በፓሪስ አደባባይ የተሰለፈ ሰው ማታ ስቴክ በልቶ ሲተኛ፣ በሰሜን የአንድ ቤተሰብ ድስት ባዶ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ከሰው ውጭ ያለውን ችግር በአጭሩ ልለፈው፤ ቡናው ደርሷል መሰል። በሰሜን ኩቤክና በጎረቤቱ ላብራዶር የሚዘዋወረው የጆርጅ ወንዝ የካሪቡ መንጋ በ1990ዎቹ ወደ 800 ሺህ ነበር። በ2018 ሲቆጠር 5,500 ያህል ቀረ። ላብራዶር ውስጥ አደኑ በ2013 ተከልክሏል። የዩኮን ወንዝ ትልቁ ሳልመን ስለመነመነ አላስካና ካናዳ በ2024 ለሰባት ዓመት እንዳይጠመድ ተስማሙ። በወንዙ ዳር ያሉ ልጆች ዓሣ መዘልዘል ሳይማሩ ያድጋሉ ብለው አያቶቹ ይጨነቃሉ።

ዛሬ የመጣሁበትን ዋና ነገር ሳልናገር እንዳልቀመጥ። ያቺ ነርስ ክፉ አልነበረችም። ደንብ ነው የያዛት። ደንብ ግን ይለወጣል። አላስካ ኮትዝቡ ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። አዛውንቶቹ ካሪቡ፣ የአቆስጣ ዘይት ይናፍቁ ነበር፤ የሚቀርብላቸው የፋብሪካ ምግብ ነበር። በ2014 የአሜሪካ ሕግ አዳኞች የለገሱት ሥጋና ዓሣ ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤትና ለአረጋውያን ቤት እንዲቀርብ ፈቀደ። የአቆስጣ ዘይቱ ግን በቦቱሊዝም ስጋት ተከልክሎ ቀረ። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ድርጅት ተስፋ አልቆረጠም። ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ጣዕሙን ሳያጠፉ መርዙን የሚያጠፋ የማሞቂያ መንገድ ፈለጉ። በ2021 ተፈቀደላቸው። አሁን ዘይቱ አዛውንቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። እኛ ከተማም ከሰሜን የሚመጣ ታካሚ ሞልቷል፤ ከመካከላችንም ሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠራ ብዙ ነው። በሚቀጥለው የሥራ ስብሰባችሁ ላይ እጃችሁን አንሥታችሁ «የለመዱት ምግብ ለምን አይቀርብላቸውም?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ አልኩና አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «ግን ቀመስሽው?» አለኝ።

የዚያን ቀን የሴትዮዋ ልጅ ዓሣውን ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ቁራጩን በፎይል ጠቅልላ ዘረጋችልኝ። እነሱ ዘንድ የተገኘ ነገር ለብቻ አይበላም። «ጾም ላይ ነኝ፣ ሁዳዴ ነው» አልኳት በሚገባት እንግሊዝኛ። «እስከ መቼ?» አለች። «እስከ ፋሲካ።» ትንሽ አሰበችና «በረዶ ነው፣ ይጠብቅሻል» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ፍሪዘር ውስጥ 26 ቀን ቆየ። ፋሲካ ሌሊት፣ ከዶሮ ወጡ በፊት፣ በአባቴ አቆራረጥ ስስ አድርጌ ቆረጥኩትና ሚጥሚጣ ነስንሼ በላሁት። መጀመሪያ ብርዱ ነው የሚሰማው። ከዚያ ስቡ ምላስ ላይ ይቀልጣል። ልጁ «ከቁርጥ ይበልጣል?» አለኝ።

ሚጥሚጣው በዝቶበት ነበር።